በየሳምንቱ ሁለት ጥያቄ

በአሜሪካ አገር የአንጎልን ምስል መርምሮ ለመተርጐም መባሕት የሚሻ ሐኪም፥ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት፥ አንድ ዓመት የጠቅላላ ሕክምና ልምምድ፥ አራት ዓመት የራዲዮሎጂ ሥልጠና፥ በዚያም ላይ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ምስል ብቻ የሚማርበትን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከፈጸመና በቦርዱ ከተፈተነ በኋላ፥ በክፈፍ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የምስክር ወረቀት ይቀበላል። በ1934 የተቋቋመው የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ቦርድ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ለብዙ ዘመን ይህን ወረቀት ሲሰጥ የአገልግሎቱን ዕድሜ አይወስንም ነበርና፥ በሠላሳ አምስት ዓመቱ የተመሰከረለት ሐኪም በሰባ ዓመቱም ያው የተመሰከረለት ሐኪም ነበር። በ1995 የተጀመረው የኒውሮራዲዮሎጂ፥ ይኸውም የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ምስል ሙያ፥ ልዩ ምስክርነት ግን በ10 ዓመት የተወሰነ ሆነ፤ የጠቅላላው ራዲዮሎጂ ምስክርነትም ከ2002 ወዲህ ይህንኑ ሥርዓት ተከተለ። ቀድሞ የተመሰከረላቸው አረጋውያን በነበረ መብታቸው ስለ ጸኑ፥ በአንድ የማንበቢያ ክፍል ጐን ለጐን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሥራ ከሚሠሩ ሁለት ሐኪሞች ተፈታኙ ወጣቱ ብቻ መሆኑ ለብዙ ጊዜ ማጉረምረምን አስነሥቷል፤ ማጉረምረሙም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዕድሜ ልክ የሚባል ምስክርነት በዚህ ሙያ የማያዋጣበትን ምክንያት ታሪኩ ራሱ ይናገራል። በ1918 ዋልተር ዳንዲ የተባለው የባልቲሞር ቀዶ ሐኪም በአንጎል ጓዳዎች ያለውን ፈሳሽ ቀድቶ በምትኩ አየር እያስገባ በራጅ ሲያነሣ፥ በ1927 ደግሞ ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ የአንጎልን ደም ሥሮች በመድኃኒት አቅልሞ ሲያሳይ፥ በፊልሙ ላይ ይታይ የነበረው የጓዳው መጣመም ወይም የደም ሥሩ ከቦታው መገፋት እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ራሱ አልነበረምና፥ መርማሪው ከጥላው ተነሥቶ ወደ አካሉ የሚያደርስ ትርጓሜ ያስፈልገው ነበር። ለዚህ ትርጓሜ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሊቃውንት ነበሩ። በ1971 በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፥ ሐኪም ያይደለ መሐንዲስ የሆነው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው የሲቲ መሣሪያ የመጀመሪያይቱን ታማሚ አንጎል እንደ ተቈረጠ ገጽ አድርጎ ባሳየ ጊዜ፥ የአየሩ ጥበብ ቀኑ እየመሸ ሄደ፤ ለታማሚዎቹ ከብርቱ ራስ ምታትና ከማስመለስ ያሳረፋቸው ነገር፥ ለሊቃውንቱ በሸመገሉበት ዘመን እንደገና ከፊደል መጀመር ሆነባቸው።

መሣሪያው ሲለወጥ ግን ማንም ያየዋልና ሳይማር ለመቅረትም ያፍራል እንጂ አይዘነጋም። ይልቁንም የሚያሰጋው፥ መሣሪያው እንደ ነበረ ሳለ ለምስሉ የሚቀርበው ጥያቄ ሲለወጥ ነው። በ1995 የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ለስትሮክ እንደሚጠቅም በታወቀ ጊዜ፥ ሕመሙ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ ለደረሰ ታማሚ ከሲቲው አንባቢ ይፈለግ የነበረው ዋና ቃል ደም ፈስሷል ወይስ አልፈሰሰም የሚል ነበር። በ2008 ሰዓቱ ወደ አራት ተኩል ሰፋ፤ በ2015 የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ከደም ሥሩ ስቦ ማውጣት ከመድኃኒቱ ብቻ ይልቅ እንደሚበልጥ ተረጋገጠ፤ በ2018 ደግሞ በምስል ተመርጠው ለተለዩ ታማሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ በሩ ተከፈተ። ስለዚህ ዛሬ በውድቅት ሌሊት ስልክ የሚደውለው ሐኪም የሚጠይቀኝ የተዘጋው ደም ሥር የትኛው እንደ ሆነ፥ የሞተው የአንጎል ክፍል ከ10 በተቈጠረው መለኪያ ስንት እንደሚደርስ፥ ገና ሊድን የሚችለውስ ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። በ1999 «ደም አልፈሰሰም» ተብሎ የተጻፈ ንባብ በዘመኑ ምሉዕ ነበር፤ ያው ቃል ዛሬ ቢጻፍ ሐሰት ሳይገኝበት ጐዶሎ ይሆናል።

በአገራችን ድጓ የሚያጠና ደቀ መዝሙር በየደብሩ የተማረውን ይዞ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ቃሉንና ምልክቱን አሳርሞ የሚያስመሰክረው፥ ዜማው ከአንዱ አድባር ወደ ሌላው ሲሄድ እንዳይለያይ ነው፤ ቦርዱም በመሠረቱ የሚሻው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፥ የቤተልሔሙ መምህር የሚያርመው ከጥንት ወደ ጸና መጽሐፍ እየመለሰ ሲሆን፥ የእኛ መጽሐፍ ግን ገና እየተደረሰ ያለ መሆኑ ነው። በየ10 ዓመቱ የሚደረገው ታላቅ ፈተናም ለዚህ አልተመቸም፤ ሐኪሙ ዘጠኙን ዓመት ዘንግቶት በዐሥረኛው ሁለት ወር ሸምድዶ ያልፈው ነበርና። ከ2019 ጀምሮ በምትኩ የመጣው ሥርዓት በየሳምንቱ ሁለት ጥያቄ በኮምፒውተር ይልክልናል፤ አንዱን ጥያቄ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ እንመልሳለን፥ ከሚላኩትም መካከል በዓመት 52 እንመልስ ዘንድ ይጠበቅብናል፥ መልሱም ከነምክንያቱ ወዲያው ይነገረናል። ብዙ ባልንጀሮቼ ይህን እንደ ትንኝ ንክሻ ይቈጥሩታል። እኔ ግን፥ በባሕር ዳርቻ ሆቴል ጠዋት ሁለት ሰዓት ንግግር ተሰምቶ ከሰዓት በኋላ ዋና ከሚዋኝበት ጉባኤ ከሚገኘው የትምህርት ነጥብ ይልቅ፥ በሥራ መካከል የምትመጣዋ የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ልቡናን እንደምታነቃ አምናለሁ። (ከጉባኤው ዋናውን እንደምወድ አልክድም።)

ይሁን እንጂ ጥያቄዎቹ የሚያስተምሩት የብዙኃኑን ሕመም ነው። ለዚህ ሙያ በሚዘጋጁ የፈተና መጻሕፍት ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ታማሚ አለ፤ ከድኻ አገር የተሰደደ፥ ድንገት የሚጥል በሽታ የያዘው፥ በኤምአርአይ ላይ ቀለበት የመሰለ ቁስል የሚታይበት። የሚጠበቀውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሲስቲሰርኮሲስ፥ ይኸውም የአሳማ ኮሶ ዕጭ በአንጎል ማደሩ ነው። ከላቲን አሜሪካ ለመጣ ሰው ይህ ጥሩ ግምት ነው። የምሠራው ሐበሻ በበዛበት በዋሽንግተን ዙሪያ ስለሆነ ግን፥ ከስሙ ብቻ ከየት እንደ መጣ የማውቀው ታማሚ ምስል በፊቴ ሲቀርብ አሳቤ ወደ ሌላ ያዘነብላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገናችን በልማድ አሳማ አይበላም፤ ከጥሬ ሥጋ የሚይዘን የከብት ኮሶ ደግሞ በአንጀት ይቀራል እንጂ ወደ አንጎል አይወጣም፤ ቲቢ ግን በአገራችን የታወቀ ነው፥ በአንጎልም ቀለበት የመሰለ ቁስል ያበጃል። ስለዚህ አስቀድሜ በቋቱ ውስጥ እንደ ነጥብ የምትታየውን የትሉን ራስ እፈልጋለሁ፤ ያጣኋት እንደ ሆነ የአንጎሉ የሥር ሽፋን ማቅለሚያውን ጠጥቶ መድመቁን እመለከታለሁ፥ የደረቱን ራጅም እከፍታለሁ፤ ኤችአይቪ ካለበትም ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለውን ኢንፌክሽን አስባለሁ።

ይህ ዕውቀት ቢሆንም ለመመካት አይሆንም። ሲስቲሰርኮሲስ የሚይዘው የአሳማውን ሥጋ በመብላት ሳይሆን፥ ትሉ በአንጀቱ ካደረበት ሰው የሚወጣው እንቁላል ከምግብ ጋር ሲዋጥ ነውና፤ አሳማን በሃይማኖታቸው የማይነኩ የኒውዮርክ አይሁድ በዚሁ በሽታ ተይዘው መገኘታቸውን፥ ምንጩም በየቤታቸው ከሚያገለግሉ ሠራተኞች የመጣ ትል እንደ ሆነ የሚያመለክት ጽሑፍ በ1992 ታትሟል። የአባቶች ሥርዓት ዕድሉን ያሳንሰዋል እንጂ በሩን አይዘጋውም።

የቦርዱን ጥያቄዎች የሚጽፉት በጎ ፈቃደኞች የሆኑ ሐኪሞች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ለመቈጠር ስሜን ልሰጥ አስቤአለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ከጎንደር መጥቶ በሜሪላንድ ታክሲ ስለሚነዳ፥ ጥቂት ወር ሲያስለው ከርሞ አንድ ማለዳ ስለ ወደቀ ሰው ይሆናል። ከምርጫዎቹ መካከል ሲስቲሰርኮሲስም ቲቢም ይኖራሉ፤ የአንጎሉም ምስል ብቻውን እንዳይለያቸው አድርጌ እመርጠዋለሁ፤ መላሹ የደረቱን ራጅ ከፍቶ ማየት ይኖርበታል። ለዚህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ ይበቃ እንደ ሆነ ግን ኮሚቴው ይፍረድ።