ስለ ኦፓል ድንጋይና ውሃ ስለ መጠጣቱ

ከከበሩት ድንጋዮች ሁሉ መልኩን በአንድ ቃል ለመናገር የማይቻለው ኦፓል የተባለው ነው። በእጅ ይዘው ባዞሩት ቁጥር ቀዩ፣ ብጫው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እየተፈራረቀ ይታይበታል። ይህም የሚሆነው በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ፣ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ድቡልቡሎች ብርሃኑን ስለሚከፋፍሉት ነው። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ የብዙ ዕንቁዎችን ቀለም በአንድነት የያዘ ነው ሲል አድንቆታል።

ነገር ግን የዚህ ድንጋይ ዋጋ ወሬ ቶሎ ይነካዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዋልተር ስኮት ባሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ ሰበብ፣ ኦፓል መጥፎ ዕድል ያመጣል የሚል ወሬ ስለ ተነዛ ገበያው ተጐድቶ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ለወሬው ቁብ ሳይሰጡ ያጌጡበት ነበር።

ጥንት ለአውሮፓ ይቀርብ የነበረው ዛሬ ስሎቫኪያ ከምትባለው አገር ነው፤ ኋላ ግን አውስትራልያ ገበያውን ያዘች። ሜክሲኮም እንደ ፍም በቀላው ኦፓሏ ትታወቃለች።

የኢትዮጵያ ኦፓል በመጀመሪያ በስፋት ወደ ውጭ የወጣው በ1990ዎቹ ዓመታት ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ ነው። መልኩ ያማረ ሳለ ብዙው ስለ ተሰነጠቀ የገዢው እምነት ቀዘቀዘ፤ ይህ እንደ ስኮት ዘመን ባዶ ወሬ አልነበረም። ስሙ የታደሰው በ2008 በወሎ፣ ደላንታ ውስጥ በወገል ጤና አካባቢ ሌላ ኦፓል ከተገኘ በኋላ ነው። በዚያ ድንጋዩ ያለው በገደል ወገብ በሚያልፍ ቀጭን የመሬት ንብርብር ውስጥ ስለሆነ፣ ቆፋሪዎቹ ናዳ እያሰጋቸው ነው የሚያወጡት።

የወሎው ኦፓል አብዛኛው ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲገባበት ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ በዝግታ ሲደርቅ ግን ወደ መልኩ ይመለሳል። ይህን ያልተነገረው ደንበኛ ቀለበቱን እንዳጠለቀ እጁን ታጥቦ ድንጋዩ ሲደበዝዝበት ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም። የጠጣው ውሃ ክብደቱንም ስለሚጨምር፣ በግራም የሚገዛ ነጋዴ ደርቆ የተመዘነውን መጠየቅ ይገባዋል። ዘይት፣ ሽቶና ቀለምም እንደ ውሃው ሁሉ ሊሰርጉበት ይችላሉ። በዚሁ ጠባዩ ምክንያት አንዳንዶች በጢስ ያጠቁሩታል፤ ይህ ነውር የሚሆነው፣ በተፈጥሮው ጥቁር ነው ተብሎ የተሸጠ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ላኪው በሽያጭ ደረሰኙ ላይ፣ ድንጋዩ ውሃ የሚጠጣ መሆኑን፣ በጢስ ወይም በቀለም የተነካም እንደሆነ ይህንኑ ለይቶ ቢጽፍ ይበጀዋል።