ትንሣኤ ያልደረሰበት ሱቅ

ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ርዕሱን ያገኘው ከዳንቴ የሲኦል ትረካ መደምደሚያ ነው። ዳንቴ ከምድር ሆድ ወጥቶ ከዋክብትን የሚያየው የትንሣኤ እሑድ ሊነጋ ሲል ነው። የዲናው ባለታሪክ ሰፋ እስጢፋኖስ ግን ከቀይ ሽብር አምልጦም የአባቱን ሞት እንደ ተሸከመ በዋሽንግተን አነስተኛ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንደ እኔ ንባብ፣ ሰማዩን በቀዳዳ ያያል እንጂ አልወጣም።

ይህን ጅማ ላይ ሳስተምር የሚከነክነኝ የራሳችን መድረክ ነው። ከአጋሮም ከሊሙም «ዲቪ ደረሰኝ» የሚል ምስክርነት ሲመጣ እልል እንላለን፤ ምስጋናው ተገቢ ነው። የሸኘነው ወንድም ከባንኮኒ ኋላ ሆኖ ሲደውል ግን፣ ከዶላሩ በፊት ሸክሙን የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን?