ለሱብሒ ስንነሳ ዓሦቹ ለምን አፋቸውን ከፈቱ?



ውጫሌን ብዙዎቻችን የምናውቃት በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን በዚያችው ከተማ በሚገኘው ቤታችን፣ ከሳሎኑ ጥግ ስለተቀመጠ አንድ የመስታወት ገንዳ ነው።

ልጆቻችን ትምህርት ቤት ስለ ብርሃን አስተፃምሮ ተምረው መጡና «የራሳችን ትንሽ ሐይቅ ይኑረን» አሉን። እኛም 60 ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ አሠራንላቸው። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ሎጎ ሐይቅ የውሃ ውስጥ ሣርና ስድስት ትናንሽ ቆሮሶዎች አመጣን። አቧራና ድመት እንዳይገባበትም አፉን በላስቲክ ሸፈንነው። ልጆቹ ከፍቅራቸው ብዛት ጠዋት ማታ የእንጀራ ፍርፋሪ ይበትኑላቸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ለሱብሒ ሶላት ስንነሳ ያየነው አስደነገጠን። ዓሦቹ ከውሃው ፊት ላይ ተደርድረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሁለቱ ግን በጎናቸው ተንሳፈው ሞተዋል። ትንሿ ልጃችን እያለቀሰች «ሣሩ ኦክስጅን ይሰጣቸዋል አላላችሁም ነበር?» ስትል ጠየቀችን። በዚያች ሰዓት የምንመልሰው አልነበረንም። በኋላ አንብበንና ጠይቀን የተረዳነውን እነሆ ለእናንተም አቀረብን።

ቀን የሚሰጥ፣ ሌሊት የሚወስድ

ልጆቹ የተማሩት ስህተት አልነበረም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነበር። ተክል ብርሃን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ምግቡን ይሠራል፣ ኦክስጅንም ይለቃል። ይሁንና ተክልም ሕይወት ያለው ነውና እንደኛው ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል። ቀን የሚሰጠው ከሚወስደው ስለሚበልጥ መውሰዱ አይታወቅም። ሲጨልም ግን መስጠቱ ይቆማል፤ መውሰዱ ይቀጥላል። ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ ተክሎች አየሩን የሚያድሱት በብርሃን ብቻ መሆኑን፣ በጨለማ ግን እንደሚያበላሹት እ.ኤ.አ. በ1779 አሳውቆ ነበር።

ስለዚህ በገንዳው ውስጥ ኦክስጅን ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል። ዝቅተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ሊነጋ ሲል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ በተቃራኒው ሌሊቱን ሲጠራቀም አድሮ በዚያው ሰዓት ጣሪያ ይነካል። ለሱብሒ የሚነሳ ቤተሰብ እንግዲህ ዓሦቹን የሚያያቸው ከሌሊቱ ሁሉ በከፋው ሰዓት ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አርፍዶ የሚነሳ ሰው ሬሳውን እንጂ ምልክቱን አያይምና።

አንዱ ሌላውን አያባርርም

ብዙ ሰው «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ኦክስጅንን ከውሃው ያስወጣዋል» ብሎ ያስባል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለቱ ጋዞች በውሃ ውስጥ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊበዙ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊያንሱ ይችላሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓሣን የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ውሃው ውስጥ ሲበዛ ዓሣው ከደሙ ያለውን በስንጥቡ አውጥቶ መጣል ያቅተዋል፤ ደሙም ኦክስጅን የመሸከም ኃይሉ ይደክማል። በመሆኑም ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ እንኳ ሊታፈን ይችላል።

የአምቦ ውሃን እንውሰድ። ጠርሙሱ ሲከፈት እየተፍለቀለቀ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ብርጭቆ ላይ ቀድተን ብናማስለው ጋዙ ቶሎ ያልቃል፤ ክዳኑን ገጥመን ብናስቀምጠው ግን ይቆያል። የዓሣ ገንዳም እንዲሁ ነው። የውሃው ፊት ሲንቀሳቀስ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ኦክስጅን ከአየር ይገባል። እኛ በላስቲክ ስንሸፍነው በሁለቱም በኩል በሩን ዘጋንበት።

እኛ ደገኞች ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳር አገሮች ስለ ዓሣ ገንዳ የተጻፈ ምክር ለእኛ ሲመጣ የዓሦቹን ቁጥር መቀነስ ያሻል።

የማይታዩት ተመጋቢዎች

ስድስት ትናንሽ ዓሦች ብቻቸውን ያን ያህል ኦክስጅን አልጨረሱም። የተረፈው ፍርፋሪ ከሥር ሲበሰብስ፣ የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃሉ። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩትም ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ። የሞተ ቅጠልም እንዲሁ ነው። ልጆቻችን ዓሦቹን ያበሉ መስሏቸው ያበሉት እነዚህን ነበር።

እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ገደማ ወርቃማ ዓሦችንና የውሃ ተክልን በአንድ ዕቃ አብሮ ሲያኖር ይኸው ገጥሞት ነበር። ተክሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሞቱት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን አደፈረሱበት። ቀንድ አውጣዎችን ሲጨምር እነርሱ የበሰበሰውን እየበሉ ውሃው ጠራለት። ሚዛኑ የቆመው በሁለት ሳይሆን በሦስት እግር ነበር ማለት ነው፤ ዓሣ፣ ተክልና አጽጂ።

ትልቁ ገንዳ

ይህ ጉዳይ የሳሎን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከቤታችን በታች ያለው ሎጎ ሐይቅም በዚሁ ሕግ ነው የሚተዳደረው። ቆሮሶ በዚያ ሐይቅ ውስጥ የኖረ ዓሣ አልነበረም፤ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ቀድሞ በጥራቱ ይታወቅ የነበረው ውሃ ከዚያ በኋላ በዋቅላሚ አረንጓዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1992 ጥናታቸውን ያሳተሙ የአገራችን ምሁራንና ባልደረቦቻቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ሳይሆን እንደማይቀር አመልክተዋል፤ ዓሦቹ ዋቅላሚውን ይበሉ የነበሩትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት በመብላታቸው ዋቅላሚው ከልካይ አጣ።

ዋቅላሚም እንደ ሣራችን ቀን ይሰጣል፣ ሌሊት ይወስዳል። ከልክ በላይ በዝቶ ሲሞት ደግሞ መበስበሱ ኦክስጅኑን ያሟጥጣል። በደቡብ በኩል በጫሞ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1978 ዋቅላሚ በብዛት በፈላ ጊዜ ብዙ ዓሣ አልቋል። ከማሳ ታጥቦ የሚወርድ ማዳበሪያና አፈር፣ በዳርቻው የሚታጠብ ልብስ ሳሙና ለሐይቅ ማለት ለገንዳችን እንደ ተበተነው ፍርፋሪ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ገንዳ ያላችሁ ወይም ሊኖራችሁ የምትሹ ወጣቶች፣ ከደረሰብን ተማሩ።

1. ገንዳው ከረጅምና ጠባብ ይልቅ ዝቅ ያለና ሰፊ ይሁን፤ ውሃው ከአየር ጋር የሚገናኘው በፊቱ ነውና። ክዳኑ ወንፊት እንጂ ላስቲክ አይሁን።

2. ዓሦቹ በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ አብሉ። የደረቀ ቅጠል ሳይበሰብስ አንሱ።

3. መብራቱ በቀን 8 ሰዓት ያህል ይበቃል። በቀጥታ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ፤ ውሃውን ያሞቀዋል፣ ዋቅላሚም ያበዛል።

4. አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ካላችሁ በተለይ ሌሊት ይሥራ። መብራት ከጠፋ ወይም ዓሦቹ አፋቸውን ከከፈቱ፣ ከገንዳው በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። እኛ አራቱን ያተረፍናቸው በዚህ ነው።

5. በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ለውጡ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ይደር።

6. ለተክሎቹ ብለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር የሚጨምሩ ሰዎች በሊትር ከ30 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ መብራቱ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት አስቀድመውም ይዝጉት። ስኳርና እርሾ በጠርሙስ አዋህደው ጋዙን የሚያገኙም አሉ። የእንጀራን ዓይን የሚያወጣው ያው ጋዝ ነው። ነገር ግን ጠርሙሱ ውስጥ አልኮል ይፈጠራል፤ ጋዙም እንደተፈለገ ሌሊት አይቆምም። እኛ ወደ ቤታችን አላስገባነውም። በዝግታ ለሚያድጉ ተክሎች የዓሦቹ ትንፋሽ ይበቃል።

ቆሮሶ ሲያድግ ሣሩን የሚበላና የሚነቅል ዓሣ ስለሆነ የተረፉትን አራቱን ወደ ሰፊ ጉድጓድ ኩሬ አዛውረናቸዋል። በገንዳው አሁን ያሉት ሦስት ትናንሽ ዓሦች ናቸው። ትንሿ ልጃችን ለሱብሒ ስትነሳ አስቀድማ የምታየው እነርሱን ነው። ውሃው ፊት ላይ ካልወጡ «ዛሬ ደህና አድረዋል» ትለናለች።

በእጃችን የገባ ሕያው ፍጡር ሁሉ አማና ነው፤ 60 ሊትር ገንዳም ሆነ ከታች ያለው ሰፊ ሐይቅ። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ወሰላም።