ጎተራው ከላይ ነው

ነሐሴ ላይ የጎጃሟን ቢቸና ያየ ሰው ስለ ውሃ እጥረት ቢነግሩት አያምንም። ሜዳው ጨቅይቷል፤ ከጮቄ ተራራ የሚነሡት የሱሃና የሙጋ ወንዞች ደፍርሰው ዓባይ በረሃ ይገባሉ። ያ ሁሉ ውሃ ግን ለመጋቢት አይቆይም። የበጋውን እንስራ የሚሞላው መሬት ውስጥ የገባው ብቻ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ማለትም ይኸው ነው፤ የክረምት ጎተራ።

ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ውሃውን የሚይዘው በጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅና ከላዩ በተፈረካከሰው ንጣፍ ነው። ደጋው ላይ የሰረገ ዝናብ ቁልቁል ሲጓዝ ውሃ የማያሳልፍ ድንጋይ ያገኝና ወደ ጎን ይሄዳል፤ ዳገቱ በተቆረጠበት ቦታም ምንጭ ሆኖ ብቅ ይላል። የቢቸናና የሞጣ ጤፍ አብቃይ ጥቁር አፈር ግን ሌላ ጠባይ አለው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የዘነበው ወይ ይተኛል ወይ ይፈሳል።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚገባው በዚህ በር ነው። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል፤ ሲያወርድም በዶፍ ነው። የዓመቱ ዝናብ መጠኑ ባይቀንስ እንኳ፣ ካፊያ ለመሬቱ የሚሰጠውን የመስረጊያ ጊዜ ዶፍ አይሰጥም። የተመነጠረ ዳገት ደግሞ ጎርፉን ያፋጥነዋል።

የከርሰ ምድር ውሃ ጠላት ግን በየቦታው ይለያያል፤ እንደ ጅቡቲ ላለች የወደብ ከተማ ጠላቱ ጨው ነው። ንጹሑ ውሃ ቀለል ስለሚል ጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ ከላይ 1 ሜትር ሲጎድል ጨዋማው ከሥር 40 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ባሕሩ ከፍ ሲል ደግሞ ይብሳል። ብዙ የተሳበባቸው የጅቡቲ ጉድጓዶች ጨው እየቀመሱ በመሄዳቸው፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሶማሌ ክልል ከሀደጋላ ጉድጓዶች ውሃ በቧንቧ ይሄድላታል። መስመሩ የተሠራው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ነው።

ጎጃምን የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። የእርከንና የክትር ሥራ የሚሮጠውን ውሃ አስቁሞ ለመስረግ ጊዜ መስጠት ነው። ምንጭ ሲሳሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆፈረው እዚያው እግሩ ሥር ነው። ጎተራው ከላይ ነውና፣ አካፋው አስቀድሞ ዳገቱን ይውጣ።