የአበዳሪው ድርሻ፦ የአውሮፓ የብድር ሕጎች ሲዳሰሱ

አንድ አበዳሪ 300 ዩሮ ለ30 ቀን ሰጥቶ «ወለድ የለውም፣ የአገልግሎት 30 ዩሮ ብቻ ትከፍላለህ» ቢል ነገሩ ቀላል ይመስላል። ያችን 30 ዩሮ ግን በየወሩ እየተደራረበች እንደምትሄድ አድርገን በዓመት ብናሰላት ከ200 በመቶ በላይ የሆነ ምጣኔ ትወጣለች። የአውሮፓ ሕግ ተበዳሪን ለመጠበቅ የተነሣው ይህን የተደበቀ ወጪ ገላልጦ ከማሳየት ነው። ኮሚሽንም ይባል የፋይል ማስከፈቻ ወይም የግዴታ መድን፣ ብድሩ ያስከተለው ወጪ በሙሉ ተደምሮ በአንድ ዓመታዊ ምጣኔ እንዲነገር ተደረገ። በ1987 የወጣው የመጀመሪያው የሸማቾች ብድር መመሪያ መሠረቱን ጣለ፤ የ1990 እና የ1998 ማሻሻያዎች ስሌቱን በየአገሩ አንድ ዓይነት አደረጉት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«መመሪያ» የሚለው ቃል በአውሮፓ ኅብረት የራሱ ትርጉም አለው። ግቡን ብራስልስ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እያንዳንዱ አባል አገር ደግሞ በራሱ ሕግ ውስጥ ያስገባዋል። ሽቱትጋርት ያለ ተበዳሪና ሮም ያለ ተበዳሪ መብታቸው በመሠረቱ አንድ ሆኖ ዝርዝሩ የሚለያየው ለዚህ ነው።

የ2008ቱ መመሪያ ከ200 እስከ 75,000 ዩሮ ላሉ ብድሮች ሁለት ትልልቅ መብቶች ሰጠ። አንደኛው፣ ውል የፈረመ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይጠየቅ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ ዋናውን ገንዘብና እስከዚያ የታሰበውን ወለድ ብቻ ይመልሳል። ሁለተኛው፣ ዕዳውን ከጊዜው በፊት መክፈል ይችላል፤ አበዳሪው ካሳ ቢጠይቅም ቀድሞ ከተከፈለው 1 በመቶ አይበልጥም፣ ለውሉ ማብቂያ ከዓመት ያልበለጠ ከቀረው ደግሞ ግማሽ በመቶ ነው። ሉክሰምበርግ ያለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2019 ይህን አጠናክሮ፣ ቀድሞ የከፈለ ተበዳሪ ከወለዱ በተጨማሪ ከሌሎቹም የብድር ወጪዎች ተመጣጣኙ እንዲቀነስለት ወሰነ።

የእነዚህ ሕጎች እምነት ግን አንድ ነበር፦ ሰው በደንብ ከተነገረው በደንብ ይመርጣል። በእኔ ግምት ይህ እምነት ግማሽ እውነት ነው። ገንዘቡ ለነገ ጠዋት የሚያስፈልገው ሰው ቅጹን አንብቦ አይመለስም። ከኛም ወገን በአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ወላጆች የባንክ ደብዳቤ ሲመጣላቸው ትምህርት ቤት ያለ ልጃቸውን «እስቲ ምን ይላል?» ይላሉ። በደች ወይም በስዊድንኛ የተጻፈን የውል አንቀጽ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲተረጉመው መተው ጥበቃ አይደለም።

ከባዱን ሥራ የሠሩት ዳኞች ናቸው። መሣሪያቸውም ስለ ብድር ተለይቶ ያልተጻፈ ሕግ፣ ሚዛን የጎደላቸው የውል አንቀጾች ሸማቹን አያስሩም የሚለው የ1993 መመሪያ ነበር። በባርሴሎና አቅራቢያ፣ ማርቶሬል ውስጥ በ2007 ቤቱን አስይዞ 138,000 ዩሮ የተበደረ ሰው ነበር። ክፍያ ሲያቋርጥ የመዘግየት ወለዱ 18.75 በመቶ ሆነበት፤ ቤቱ ለሐራጅ ወጥቶ ተጫራች ሲጠፋ ባንኩ በግማሽ ዋጋ ወሰደው። የዚያን ጊዜው የስፔን ሥርዓት ተበዳሪው በሐራጁ ክርክር ላይ «ይህ አንቀጽ ፍትሐዊ አይደለም» ብሎ እንዲቃወም አይፈቅድም ነበር። በሌላ ችሎት ክስ መመሥረት ቢችልም ያ ችሎት ሐራጁን ማገድ አይችልም። ቢረታም ቤቱ አይመለስለትም፣ ካሳ ብቻ ያገኛል። የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2013 ይህ ሥርዓት ከአውሮፓ ሕግ ጋር ይጋጫል አለ፤ በወራት ውስጥም ስፔን ሕጓን አሻሻለች።

በፖላንድና በሀንጋሪ የመጣው ጣጣ ሌላ መልክ ነበረው። በ2000ዎቹ ብዙ ቤተሰብ ወለዱ ዝቅ ያለ ስለነበር ቤቱን በስዊስ ፍራንክ በተሰላ ብድር ገዛ፤ ደመወዙ ግን በዝሎቲ ወይም በፎሪንት ነው። በ2008 አጋማሽ ወደ 2 ዝሎቲ ገደማ የነበረው ፍራንክ፣ የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ጥር 15 ቀን 2015 በገንዘቡ ላይ ጥሎት የነበረውን የምንዛሪ ገደብ ሲያነሣ ከ4 ዝሎቲ በላይ ወጣ። ለዓመታት ሳያቋርጥ የከፈለ ሰው ዕዳው በዝሎቲ ሲቆጠር ከተበደረው በልጦ አገኘው። በዚያ ላይ ብዙ ውሎች ባንኩ በራሱ ሠንጠረዥ እንዲመነዝር ይፈቅዱ ነበር፤ ብድሩን ሲሰጥ በመግዣ ዋጋ፣ ክፍያ ሲቀበል በመሸጫ ዋጋ ያሰላል። በ2019 ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ አንቀጽ ሲወድቅ፣ ሸማቹ ከተስማማ ውሉ በሙሉ ሊፈርስ እንደሚችል ገለጸ፤ በሰኔ 2023 ደግሞ ውሉ ሲፈርስ ባንኩ ከሰጠው ዋና ገንዘብና በሕግ ከሚታሰብ የመዘግየት ወለድ በላይ ካሳ መጠየቅ እንደማይችል አከለ።

ከዚህ ሁሉ ትምህርት የተወሰደው ቀስ ብሎ ነው። የ2014ቱ የቤት ብድር መመሪያ አበዳሪው የተበዳሪውን የመክፈል አቅም አጣርቶ ብቻ እንዲያበድር አዘዘ፤ የውጭ ምንዛሪ ብድር ላይም ተመኑ ከ20 በመቶ በላይ ሲዛባ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ግድ አለ። በጥቅምት 2023 የጸደቀውና ከኅዳር 20 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የሸማቾች ብድር መመሪያ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ትንንሹ ብድር አወረደው። ጣሪያው 100,000 ዩሮ ሆነ፤ ከ200 ዩሮ በታች ያለውና በስልክ በአንድ ንክኪ የሚገኘው «አሁን ግዛ፣ ኋላ ክፈል» የተባለው ዱቤ ጭምር በሕጉ ውስጥ ገባ። መክፈል መቻሉ ያልታየለት ሰው ብድር አይሰጠውም። አቅሙ ሲመዘን ከማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀመ መረጃ መጠቀም ክልክል ነው፤ ኮምፒውተር ብቻውን ከመዘነውም ሰው እንዲያየው የመጠየቅ መብት አለው። በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው በዜግነቱ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግበትም ተጽፏል፤ የእኛን ሰው በቀጥታ የሚነካው አንቀጽ ይሄ ነው።

አገር ቤት አራጣ የምንለው ከየት ይጀምራል ለሚለው ግን አውሮፓ አንድ ቁጥር የላትም። ፈረንሳይ የገበያውን አማካይ ወለድ ወስዳ ሲሶ ትጨምርበትና ከዚያ በላይ ሕገ ወጥ ትለዋለች። ፊንላንድ በሞባይል መልእክት የሚሰጡት ፈጣን ብድሮች ብዙ ወጣት ዕዳ ውስጥ ከነከሩ በኋላ በ2019 ወለድ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገች። አዲሱ መመሪያ እንደ ጣሪያ ያለ መከላከያ አብጁ ብሎ አባል አገሮችን ቢያዝም፣ ቁጥሩን ለየራሳቸው ትቶታል። እኔ ቁጥር ቢቀመጥ እመርጥ ነበር፤ ድሃው ተበዳሪ ድንበር ሲሻገር የሚጠብቀው ሕግ መላላት አልነበረበትም።

መመሪያው የሚያስደስተኝ ስለ መክፈያ ችግር የሚለው ላይ ነው። አበዳሪው ወደ አስገዳጅ እርምጃ ከመሄዱ በፊት፣ ተገቢ በሆነበት ሁኔታ፣ ጊዜ ማራዘምን ወይም ክፍያ መቀነስን የመሰለ መፍትሔ እንዲሞክር ይጠበቅበታል። አገሮቹም ነጻ አቋም ያላቸው የዕዳ አማካሪዎች በአነስተኛ ክፍያ እንዲገኙ ያደርጋሉ፤ አበዳሪው የተቸገረውን ደንበኛ ወደነሱ መምራት አለበት።