አንጎላችን ሌሊት ምን ይሠራል?

እናታችሁ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስተው ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደዱ ሰምታችሁ፣ «ዕድሜ ነው» ብላችሁ ተመልሳችሁ ተኝታችሁ ይሆናል። ክርያት ሞጽኪን ውስጥ ሽማግሌ የሚጦር ቤት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እስቲ ዛሬ እንቅልፍ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

በሙከራ እንጀምር። ከሰዓት በኋላ ጋደም በሉና ማንኪያ በጣታችሁ ይዛችሁ እጃችሁን ከአልጋው ወደ ውጭ አውጡ፤ ከሥሩ የብረት ትሪ አኑሩ። ሰዓት አይታችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። እንቅልፍ ሲወስዳችሁ ጣታችሁ ይላላል፣ ማንኪያው ይወድቃል፣ ድምፁ ይቀሰቅሳችኋል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከወደቀ፣ የሌሊቱ እንቅልፍ አልበቃችሁም ማለት ሊሆን ይችላል።

ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ዓይናችንን የሚያከብደው እሱ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲንን አያጠፋውም፣ የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል እንጂ። ከጠጣችሁ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ሰውነታችሁ ውስጥ አለ። ስለዚህ አቦል፣ ቶና፣ በረካው ጠዋት ይሁን።

እንቅልፍ ሲጠልቅስ? ጀበና ሳይለቀለቅ ሲያድር አተላው ሥሩ ላይ ይጋገራል፤ አንጎልም መለቅለቅ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመራማሪዋ ማይከን ኔደርጋርድ ቡድን የተኙ አይጦችን ሲመረምር፣ በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት 60 በመቶ ገደማ ሰፍቶ፣ ፈሳሽ ሲያልፍበትና ቆሻሻ ሲያጥብ አገኘ። ከሚታጠበው አንዱ ቤታ አሚሎይድ ነው፤ በአልዛይመር ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ የሚከማቸው ፕሮቲን። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ደግሞ 20 ጤነኛ ሰዎች አንድ ሌሊት ሳይተኙ ሲያድሩ፣ ትውስታ በሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ይኸው ፕሮቲን 5 በመቶ ገደማ ጨምሮ ታይቷል። የእጥበቱ ነገር ሳይንቲስቶችን ዛሬም ያከራክራል፤ እንቅልፍ ማጣት ትውስታን እንደሚጎዳ ግን ክርክር የለም።

ነገሩ በሌላ በኩልም ይሄዳል፦ የመርሳት በሽታ ራሱ እንቅልፍን ይሰብራል። ቀንና ሌሊትን የሚለዩልን 20,000 ያህል ሕዋሳት አንጎላችን ውስጥ አሉ፤ አልዛይመር ከእነሱም ብዙዎቹን ይገድላል። ከዚያ በኋላ ቀን ማንጎላጀት፣ ሲመሽ መቁነጥነጥ፣ ሌሊት መንጎራደድ ይመጣል። አንዳንዴ ይህ የሚጀምረው መርሳቱ ሳይገለጥ በፊት ነው።

ከእነዚያ ሕዋሳት የተረፉትን የሚያስተካክላቸው የጠዋት ብርሃን ነው። ለሳምንት ያህል እናታችሁን ከቁርስ በኋላ ስዴሮት ጎሼን ላይ አንሸራሽሯቸው፤ ከሰዓት በኋላ የሚያንጎላጁትን አሳጥሩ፤ ሌሊቱን ተከታተሉ።

ሲመሽም ቶሎ አታስተኟቸው። እዚሁ አጠገባችን፣ ሐይፋ ቴክኒዮን ውስጥ፣ ፕሮፌሰር ፔሬጽ ላቪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመኝታ ሰዓት በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት አንጎል እንቅልፍን ይበልጥ እንደሚቃወም አሳይተዋል። ያኔ መብራት ማጥፋት ጨለማ ውስጥ አፍጥጦ መቆየትን ያመጣል።

ከጎረቤት የእንቅልፍ ክኒን አትበደሩ፤ ብዙዎቹ አዛውንትን ያደናግራሉ፣ ይጥላሉም። እያንኮራፉ ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ከሆነ ግን ሕክምና አለው። የሳምንቱን እንቅልፍ ጽፋችሁ ኩፓት ሆሊም ውሰዷቸው፤ ትውስታቸው ሲፈተንም በአማርኛ እንዲሆን ጠይቁ። በማያውቁት ቋንቋ ተጠይቀው ዝም ያሉ እናት ረስተዋል ማለት አይደለምና።