የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ስምና የጂኦግራፊ ማኅበር ተግባር

የአንድ አገር የጂኦግራፊ ማኅበር ሥራው ተራራ መለካትና ካርታ መንደፍ ብቻ ነው የሚል ሰው፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ አምቦ ቢጓዝ አሳቡን ሳያሻሽል አይመለስም። በዚህ መንገድ ካሉት ከተሞች ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ስም አላቸውና። ሆለታ ገነት ተብላለች፤ እጀሬ አዲስ ዓለም ትባላለች። ይህ ሁለተኛው ስም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሊያቋቁሙት ያሰቡትን አዲስ ዋና ከተማ ያስታውሳል፤ አሳቡ ተተወ፣ ስሙ ግን ጸና። አምቦም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በመንግሥት ጽሕፈት ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ሕዝብ ለፈውስ የሚታጠብበት ፍል ውሃ ስላላት ስያሜው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን የቀድሞውን ስም ከሰው አፍ ሊያወጣው አልቻለም። እንዲያውም ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ ሁሉ ከየትም ቢመጣ «አምቦ ውሃ» መባሉ ይታወቃል።

ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ስለ አካባቢው ገበያዎች ያጠና የነበረ ተማሪዬ ሀገረ ሕይወትንና አምቦን እንደ ሁለት ከተሞች ቆጥሮ ሠንጠረዥ ሠርቶ አመጣልኝ። ስሕተቱ የርሱ ብቻ አልነበረም፤ በእጁ የነበሩት ሁለት ካርታዎች በተለያየ ዘመን የታተሙ ሲሆኑ፣ አንዱ የሌላውን ስም አይጠቅስም ነበር።

የሸዋን ምድር በማኅበር ደረጃ ለማጥናት ቀድመው የመጡት የውጭ ሰዎች ናቸው። በ1867 በፊሬንዜ የተቋቋመው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር፣ በ1876 በኦራትዮ አንቲኖሪ የሚመራ ጓድ ወደ ሸዋ ላከ። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው፤ አንቲኖሪም በ1882 በዚያው ሞተ። የማኅበሩ ድካም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የቦታውን ስም የሰማው ጆሮ የባዕድ ነበር፤ ዕውቀቱም ከንግድና ከቅኝ ግዛት ፍላጎት የተለየ አልነበረም።

በአገራችን በኩል የካርታና የጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት ከ1963 ጀምሮ የኢትዮጵያን የጂኦግራፊ መጽሔት አሳትሟል፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም አትላስ አዘጋጅተዋል። መጽሔቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ የጊንጪ ወይም የጉደር ሽማግሌ ስለ ገዛ ቀዬው የተጻፈውን አይቶ ለማረም አልታደለም።

እንደ እኔ አስተያየት ማኅበሩ ከስሞቹ አንዱን መርጦ ሌላውን መሻር የለበትም፤ ይህ የአስተዳደር እንጂ የሊቃውንት ሥራ አይደለም። ለእያንዳንዱ ከተማ፣ ወንዝና ተራራ መዝገብ ከፍቶ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ እንዴት እንደሚነገር፣ በየትኛው ዘመን ማን በጽሑፍ እንደ ተጠቀመበት ያስፍር። ሥራውን ከአምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝና ከወንጪ ሐይቅ ቢጀምር፣ ነገሩን የሚያስረዱ አረጋውያን በቅርብ ይገኛሉ።